ከማይንዝ እስከ ዊተንበርግ፦ በሉተር አገር የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ማይንዝ

ከፍራንክፈርት ማይንዝ በከተማ ባቡር አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ጓደኛዬ «ይሄም ጉዞ ሆኖ ማስታወሻ ሊጻፍበት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የጀመረውን የሉተርን ታሪክ ሊያይ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ዊተንበርግ ይሄዳል። የኃጢአት ስርየት ሽያጭን የተቃወመባቸውን 95ቱን አንቀጾች ለጥፎበታል ከሚባለው በር ፊት ፎቶ ይነሳና ይመለሳል። እኔ ግን ነገሩ ከተጠነሰሰበት መጀመር ፈለግሁ። የተጠነሰሰው ደግሞ እዚህ ነው።

ስለ ጓደኛዬ ትንሽ ልበል። አብሮ አደጌ ነው። እሱ የመካነ ኢየሱስ ልጅ፣ እኔ የተዋሕዶ። አዲስ አበባ እያለን በሃይማኖት ተከራክረን የተኳረፍንባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። አሁን ሁለታችንም ጀርመን ነን፤ ሁለታችንም ሸብተናል፤ ክርክሩ ግን አላረጀም። «ያንተን ሰውዬ አገር አሳየኝ» አልኩት። በዚህ ተስማምተን ወጣን። (ከዚህ በታች የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ማይንዝ በአውሮፓ በተንቀሳቃሽ ፊደል ማተምን የጀመረው የጉተንበርግ ከተማ ናት። መጽሐፍ ቅዱሱን 1455 አካባቢ አትሞ የጨረሰው እዚህ ነው፤ 180 ያህል ቅጂ። ብዙ ሰው የማያነሳው ግን ከዚያው ማተሚያ ቤተ ክርስቲያን በገንዘብ የምትሸጠው የኃጢአት ስርየት ወረቀትም ይወጣ እንደነበር ነው። በ1454 እና በ1455 የታተሙት ዛሬም አሉ። የገዢው ስምና ቀኑ የሚሞላበት ቦታ ክፍት ተትቷል፤ ልክ እንደ ካርኒ። እና ማተሚያው ገና ከመነሻው ለሁለቱም ወገን ሠርቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ካቴድራሉ ገባን። የሊቀ ጳጳስ አልብሬሽት የመቃብር ሐውልት እዚያ አለ። አልብሬሽት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ማግደቡርግንም ማይንዝንም ያዘ። በቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ሁለት መንበር በአንድ ሰው አይያዝም። ስለዚህ ከሮም ልዩ ፈቃድ አስፈለገው፣ ለፈቃዱ ደግሞ ገንዘብ። ገንዘቡን ከአውግስቡርግ ባለ ባንኮች፣ ከፉገር ቤተሰብ ተበደረ። ጳጳሱ ሊዮ 10ኛ በአልብሬሽት ግዛት የስርየት ወረቀት እንዲሸጥ ፈቀዱ። ከሽያጩ ግማሹ ለሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃ፣ ግማሹ ለፉገር ዕዳ። ሕዝቡ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር።

ሉተር ጥቅምት 31 ቀን 1517 ደብዳቤውን የላከው ለዚሁ ሰው ነው። በሩ ላይ መለጠፉን የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበታል። ደብዳቤው መላኩን ግን የሚጠራጠር የለም። ለእኔ ደብዳቤው ከበሩ ይበልጣል። አንድ የገጠር ዩኒቨርሲቲ መምህር አለቃውን በጽሑፍ ጠየቀ፤ አለቃው ደግሞ ዕዳ አለበት። ጓደኛዬ ሐውልቱ ፊት ብዙ ቆመና «ደህና አድርገው ቀርጸውታል» ብሎ ወጣ።

ረቡዕ፣ አይዘናህ

በዶይችላንድ ቲኬት፣ በመላ ጀርመን ለአካባቢ ባቡር በሚያገለግለው የወር ቲኬት፣ ፈጣኑ ባቡር ላይ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ፉልዳ ላይ መቀየር፣ ቤብራ ላይ መቀየር፣ መሃል ላይ መቆም። ከጠዋት ጀምረን አይዘናህ ስንደርስ እርቦናል። ቱሪንገን ደግሞ የቋሊማ አገር ነው። ከጣቢያው ወጥተን ብዙም ሳንራመድ ከሰል ላይ የሚጠበስ ቋሊማ አፍንጫችንን ያዘው። ረቡዕ ነው። ጓደኛዬ ሁለት አዘዘ። እኔ የድንች ጥብስ።

«ስማ፣ ይሄ እኮ ቀልድ አይደለም» አለኝ አፉን እየጠረገ። «በስዊዘርላንድ ተሐድሶው የጀመረው በቋሊማ ነው።» እውነቱን ነው። በ1522 በዐቢይ ጾም ዙሪክ ውስጥ አታሚው ፍሮሻወር ቤት ሠራተኞቹ ቋሊማ በሉ። ቄሱ ዝዊንግሊ እዚያው ነበር፤ አልበላም፤ ግን በኋላ ለበሉት ተሟግቶ ሰበከ፣ ስብከቱንም አሳተመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዙሪክ ቅዳሴውን ጭምር አስቀረች። እኔም «እኛ ጋ ቢሆን በቋሊማ አይጀመርም፣ በቋሊማ ያልቃል» አልኩት።

ዋርትቡርግ ግንብ ከከተማው በላይ ጫካ ውስጥ ነው። አውቶቡስ አለ፤ እኛ በእግር ወጣን፤ ጉልበቴ እስካሁን ይቅር አላለኝም። ሉተር እዚህ የመጣው ግንቦት 4 ቀን 1521 ሌሊት ነው። ከሮም ተወግዟል፤ ዎርምስ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ቻርልስ 5ኛ ፊት ቀርቦ ጽሑፎቼን አልክድም ብሏል። የሳክሶኒው መስፍን ጠቢቡ ፍሬድሪሽ ሰዎች መንገድ ላይ የጠለፉት አስመስለው አመጡት። ጢሙን አሳደገ፣ ጎራዴ ታጠቀ፣ ዮርግ የሚባል ባላባት ሆነ። ከአልፎ ሂያጅ አፍ የተረፈው በዚህ ዘዴ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛ፣ ምድጃ፣ እግር ማሳረፊያ የሆነ የዓሣ ነባሪ አጥንት። ሰይጣን ላይ ቀለም ወረወረ የሚባልበት ግድግዳ ልስኑ ተፈቅፍቆ አልቋል፤ የዘመናት ጎብኚ እየቆነጠረ ወስዶታል። ቅርስ አምልኮን የተቃወመ ሰው ግድግዳው እንደ ቅርስ ተበላ። ወይ ጉድ።

አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ወደ ጀርመንኛ የመለሰው እዚህ ቁጭ ብሎ በአሥራ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። በመስከረም 1522 ታተመ፤ በታኅሣሥ እንደገና ታተመ። የመጀመሪያው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አይደለም። ከሱ በፊት 18 ያህል የታተሙ ነበሩ። የሱ የተሸጠው ሰው ቤቱ በሚያወራው ቋንቋ ስለተጻፈና ጊዜውም ስለደረሰ ነው።

«የኛው ግን ቀደመ» አልኩት ስንወርድ። «ምኑ?» «ዳዊቱ።» በ1513 ሮም ውስጥ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። ከ95ቱ አንቀጾች አራት ዓመት አስቀድሞ። ጓደኛዬ ይሄን አላወቀም ነበር። የወሬው አቅጣጫ እስከ ታች ድረስ ወደ እኔ ዞረ።

ሐሙስ፣ ጎታ

ለዚህች ከተማ ነው በእውነት የመጣሁት። ከአይዘናህ ጎታ ቅርብ ናት። ጓደኛዬ ቡና ሳይጨርስ ደረስን።

የፍሪደንሽታይን ግንብ ትልቅ፣ ነጭ፣ ጌጥ ያልበዛበት ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1643፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ሳያልቅ ነው። ጦርነቱ 1618 ላይ በፕራግ በሃይማኖት ጠብ ጀምሮ በ1648 በዌስትፋሊያ ውል ሲዘጋ ከጀርመን አንዳንዱ አካባቢ ከግማሽ በላይ ሕዝቡን አጥቷል። ከበሩ በላይ ሁለት ሴቶች ሲሳሳሙ ተቀርጿል፤ ሰላምና ፍትሕ ናቸው። «ጽድቅና ሰላም ተስማሙ» የሚለውን ዳዊት የደገመ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ባለቤቱ መስፍን ኤርንስት «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው» ይባል ነበር። በጦርነቱ መሃል፣ በ1642፣ የገበሬ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገባ ደንብ ያወጣ ሰው ነው።

ወደዚህ ግቢ ነው በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የመጡት። የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። የጠራቸው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ኤርፈርት ተወልዶ ግዕዝን ከመጽሐፍ የተማረ ወጣት ነበር። ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሮም ላይ በ1649 ተገናኙ፤ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ባለው በኢትዮጵያውያኑ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም። ከዚያ መስፍኑን አስፈቅዶ ወደ ጀርመን አስመጣቸው። ለወራት ተቀመጡ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ አገሩ ሁሉ ተጠየቁ። የ1681ዱ የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ የቆመው በእሳቸው አፍ ላይ ነው። በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም እንዲሁ። ሉዶልፍ ራሱ ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጦ አያውቅም።

ግን አባ ጎርጎርዮስ ሮም ምን አደረሳቸው? እዚህ ላይ ነው የሁለቱ አገር ታሪክ የሚገጥመው። እሳቸው ስደተኛ ናቸው። የሃይማኖት ለውጥ ያፈናቀላቸው።

አፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን እምነት ተቀበሉ። ያግባቧቸው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ናቸው፤ ብልህ፣ ታጋሽ፣ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞቱ። በ1625 ፓትርያርኩ አልፎንሱ ሜንዴስ መጡ፤ በ1626 ንጉሡ በአደባባይ ለሮም ታዛዥነታቸውን ማሉ። ከዚያ ትእዛዙ ዘነበ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ። ካህኑ እንደገና ይካን። ታቦቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ይባረክ። ቅዳሜን ማክበር ይቅር። ግዝረት ይቅር። የበዓላቱ አቆጣጠር ይቀየር። አገሩ ነደደ። ከመሪዎቹ ተቃዋሚዎች አንዷ የንጉሡን ባለሟል ባሏን ጥላ የወጣችው ወለተ ጴጥሮስ ናት። በ1632 ከላስታ ገበሬዎች ጋር በተደረገው ውጊያ የሞተው ብዛት ንጉሡን ሰበራቸው። የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ሞቱ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አስወጣ፣ ጎንደርን ቆረቆረ። ከሮም ጋር የቆሙት አባ ጎርጎርዮስም አገር ጥለው ወጡ።

ግንቡ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተከራከርነው በዚህ ነው። ጀርመኖች በ1555 አውግስቡርግ ላይ የተስማሙት የመስፍኑ ሃይማኖት የሕዝቡ ሃይማኖት እንዲሆን ነው። ያልተስማማው ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል። ሱስንዮስም የሞከሩት ያንኑ ነው። ታዲያ ለምን እዚህ ያዘ፣ እዚያ ከሸፈ? ጓደኛዬ «እዚህ ሕዝቡ ፈልጎት ነበር» ይላል። እኔ አልዋጠልኝም። ብዙው ገበሬ ማን ጠይቆት? የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ የሉተር ሰዎች ለገበሬው የሰጡት ነገር ነበር። በቋንቋው የሚዘምረው መዝሙር፣ በቋንቋው የሚሰማው ቃል፣ ሚስት ያለው ቄስ። ሜንዴስ ግን የመጡት ሊወስዱ ነው፤ ቅዳሜውን፣ ጥምቀቱን፣ የአባቱን ቀን አቆጣጠር። ሰው ንጉሡ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ምን እንደሚያምን ላይገደው ይችላል። የልጁ ጥምቀት ከንቱ ነው ሲሉት ግን ጦር ያነሳል።

ስለ አቆጣጠሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሚያፌዙብን የቢሮ ባልደረቦች ይጠቅማል። ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ያወጡትን አዲስ አቆጣጠር የጀርመን ፕሮቴስታንቶች እስከ 1700 አልተቀበሉትም። የሮም ነው ብለው። አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ሲገቡ መስፍኑም በአሮጌው ነበር የሚቆጥረው፤ ከካቶሊክ ጎረቤቶቹ አሥር ቀን ወደ ኋላ።

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸው ሳይመለሱ ቀሩ። በ1658 በጉዞ ላይ ሳሉ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ መልካቸውን በመዳብ አስቀርጾ በመጽሐፉ አትሞታል። ፊታቸው ኮስተር እንዳለ።

ዓርብ፣ ኤርፈርት

ኤርፈርት ቆንጆ ናት፤ ቤቶች የተሠሩበት ድልድይ አላት፤ ሰው ሁሉ አይስክሬም ይዞ ይሄዳል። ዓርብ ስለሆነ እኔ አላዘዝኩም። ሉተር ሐምሌ 17 ቀን 1505 የመነኮሰበትን የአውጉስጢኖስ ገዳም አየን። በሕግ ተማሪነቱ መብረቅ አስደንግጦት «እመነኩሳለሁ» ብሎ ተሳለ ይባላል። ገዳሙ ዛሬ እንግዳ ያሳድራል፤ እዚያው አደርን። ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን የለም። ጓደኛዬ በጊዜ ተኛ።

ቅዳሜ፣ ባድ ፍራንከንሃውዘን

ይሄን ቀን ጓደኛዬ አልፈለገውም ነበር። «ቆሻሻውን ልታሳየኝ ነው አይደል?» አለ። አዎ።

በ1525 የጀርመን ገበሬ ተነሳ። በመጋቢት ሜሚንገን ላይ 12 ጥያቄ ጻፈ፤ ቄሳችንን እኛ እንምረጥ፣ ገባርነት ይቅር፣ ጫካውና ወንዙ ለሁላችን ይሁን። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አቀረበ። ሉተር መጽሐፉን በቋንቋቸው ሰጣቸው፤ እነሱም አነበቡት። ቶማስ ሙንትሰር የሚባለው ሰባኪ ከፊት ቆመ። ይሄ ሰው በ1523 አልሽቴት ላይ ሙሉውን አምልኮ በጀርመንኛ ያዘጋጀ ነው፤ የሉተር የጀርመንኛ ቅዳሴ የወጣው በ1526 ነው።

ግንቦት 15 ቀን 1525 ከዚህች ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቀስተ ደመና ያለበት ባንዲራ ይዘው ቆሙ። የመሳፍንቱ መድፍና ፈረሰኛ ሺዎችን ፈጃቸው። ሙንትሰር ተይዞ ተገረፈ፣ ከሁለት ሳምንት በታች ቆይቶ አንገቱ ተቆረጠ። ሉተር በዚያው ወር ባወጣው ጽሑፍ ገበሬዎቹን እንደ እብድ ውሻ ግደሏቸው ብሎ መከረ። በሰኔ ደግሞ አገባ። ይሄን ስነግረው ጓደኛዬ ዝም አለ። ቆይቶ «ይሄን እኛ ጋ አያስተምሩም» አለ።

ኮረብታው ላይ ክብ ሙዚየም አለ። ውስጡ አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ 14 ሜትር ቁመት፣ 123 ሜትር ርዝመት፣ ከ3000 በላይ ሰው የተሳለበት። ቨርነር ቱብከ በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ትእዛዝ ሳለው፤ በ1987 ጨረሰ። ያ መንግሥት ሙንትሰርን ጀግናዬ ብሎ አምስት ማርኩ ላይ አትሞት ነበር። «መሬት ላራሹ» በተባለ አገር ያደገ ሰው ይሄን ታሪክ እንደ ሩቅ አያየውም። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን የተላኩት ወገኖቻችን ሙንትሰርን ሲሰሙ ምን ተሰምቷቸው ይሆን? ሠዓሊው ግን የድል ሥዕል አልሳለም። ሙንትሰር መሃል ላይ ባንዲራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ሙዚየሙ የተከፈተው በመስከረም 1989 ነው፤ የበርሊን ግንብ የፈረሰው በኅዳር።

እሑድ፣ ዊተንበርግ

ጠዋት ሉተር በሰበከበት በከተማው ቤተ ክርስቲያን ተገኘን። ጓደኛዬ መዝሙሩን በአማርኛ እየዘመረ፣ እኔ የክራናክን የመሠዊያ ሥዕል እያየሁ። ሉካስ ክራናክ ሠዓሊ ነው፤ ፋርማሲ ነበረው፤ ማተሚያ ነበረው፤ ከንቲባም ሆኗል። በአንድ ትንሽ ከተማ ተሐድሶው የቆመው እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። የሉተር ሚስት ካታሪና ፎን ቦራም እንዲሁ። በ1523 ከገዳም ያመለጠች መነኩሲት ናት፤ ቢራ ጠመቀች፣ ከብት አረባች፣ ያን ሁሉ ተማሪና እንግዳ መገበች።

ስንወጣ የውጩን ግድግዳ ቀና ብለን አየን። አይሁድን የሚሳደብ የመካከለኛው ዘመን የአሳማ ቅርጽ እስካሁን እዚያ አለ። ይነሳ ተብሎ እስከ ፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2022 ይቆይ ተባለ፤ ከሥሩ የመታሰቢያ ሰሌዳ ስላለ። ሉተር ራሱ በ1543 ምኩራባቸው ይቃጠል ብሎ ጽፏል። እኔ ቢያነሱት እመርጣለሁ። ጓደኛዬ «ይቆይ፣ ሰው ይፈር» ይላል።

የታወቀው በር የግንቡ ቤተ ክርስቲያን በር ነው። የድሮው በ1760 በጦርነት ተቃጥሏል፤ ያሁኑ ነሐስ በ1858 የተገጠመ ነው። ውስጥ ሉተርና የሥራ ባልደረባው ሜላንክቶን ፊት ለፊት ተቀብረዋል።

እኔ የፈለግሁት ሌላ ሰው ነው። በ1534 ዲያቆን ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዊተንበርግ መጣ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ። አገራችን ያኔ በኢማም አህመድ ጦርነት መሃል ናት፤ ሽምብራ ኩሬ ከሆነ አምስት ዓመቱ። የሉተር ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ገና ማተሚያ ላይ ነው። እና አንድ የሐበሻ ዲያቆን ስለ ሥላሴ፣ ስለ ቅዳሴ፣ ስለ ቁርባን ይናገራል። ሕዝቡ ሥጋውንም ደሙንም ይቀበላል፤ ቄሱ ሚስት አለው፤ ሮም አታዝዘንም። ሉተር ሊያመጣው የሚታገልለት ነገር በሌላ አገር ከጥንት አለ ማለት ነው። ሐምሌ 4 ቀን ሉተርና ሜላንክቶን የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉለት። ሥርዓታቸው በአንዳንድ ነገር ቢለይም የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም ይላል ሐሳቡ። ሜንዴስ ይሄን ቢያነቡት ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ሜንዴስ ሉተርን አያነቡም፤ አውቃለሁ።

ጓደኛዬ ደስታው ልክ አልነበረውም። «አየህ! ገና በ1534 ተስማምተናል!» «ተስማማን ሳይሆን መሰከረልን» አልኩት። «በግዕዝ ቀድሳችሁ ግን ሕዝቡ ምን ሰማ?» ይሄኛው ደህና ምት ነው። የምመልሰው ነበረኝ። ኢየሱሳውያኑ በአማርኛ መስበክና መጻፍ ሲጀምሩ የኛም ሊቃውንት በአማርኛ ጽፈው መልስ ሰጥተዋል። «እንግዲህ ለዚያም ፈረንጅ መምጣት ነበረበት» አለኝ። እስከ ጣቢያው ድረስ አልተስማማንም።

ዲያቆኑ የተሰጠው ደብዳቤ ስትራስቡርግ ላለው ለተሐድሶው መሪ ለማርቲን ቡትሰር ጭምር ነው። ጓደኛዬ ባቡር ውስጥ ስልኩን አውጥቶ መንገዱን ፈለገ። በእኛ ቲኬት እስከ ኬል ድረስ ይኬዳል፤ ከዚያ ራይንን የምታሻግር የከተማ ትራም አለች። «በጥቅምት?» አለኝ። ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን ብቻ ጠየቅሁት።